ከመላኬ በፊት እዩልኝ፦ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የምጽፈው የእርዳታ ጥያቄ

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የፒዲኤፍ ፋይሎችን የሚያዋህድ አንድ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም እጠቀማለሁ። አዲሱን ቨርዥን ከጫንኩ ወዲህ እምቢ ብሎኛል። ፕሮጀክቱ ጊትሃብ (የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ስላለ እዚያ ልጠይቅ አስቤ ይህን ጻፍኩ። ገና አልላክሁትም።

«ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ባለሙያዎች። በመጀመሪያ ስላስቸገርኳችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ድንቅ ፕሮግራም በነፃ ስለሰጣችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አዲሱ ቨርዥን እኔ ጋ አይሠራም። የፋይሎቼ ስም በግዕዝ ፊደል ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ላቲን ፊደል የምቀይርበት መንገድ ካለ ብታሳዩኝ? ጉዳዩ በጣም አስቸኳይ ነው። እባካችሁ ተባበሩኝ።»

እንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ አጠያየቁ አላማረም ተብሎ ሰው ሲቆጡት አይቻለሁ። መልስ ሳያገኝ የቀረ ጥያቄም ብዙ ነው። ጨዋነቱ ይበቃል? ምን ልጨምር? ምን ልቀንስ?

ሎግ አንባቢ

እህቴ፣ መጀመሪያ ማማከርሽ ጥሩ አደረግሽ። እኛም ጥቂት ሆነን አንዲት ትንሽ ላይብረሪ በትርፍ ጊዜያችን እንከባከባለን። ስለዚህ ከተቀባዩ ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

ሰላምታሽም ምስጋናሽም ደስ ይላል። ግን መልእክቱን አንብቤ ስጨርስ ልረዳሽ የምችልበት አንድም ነገር አላገኘሁም። «አይሠራም» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ጭራሽ አይነሳም? ተነስቶ መሃል ላይ ይቆማል? ጨርሶ ባዶ ፋይል ያወጣል? አዲሱ ቨርዥን ስንት ቁጥር ነው? የቀድሞውስ? ሊኑክስ ላይ ነሽ ዊንዶውስ? የጻፍሽው ትእዛዝ ምን ይላል? ምን ጠብቀሽ ምን መጣ? እነዚህን ሁሉ መልሼ ልጠይቅሽ ነው። አንቺ ነገ ትመልሻለሽ። እኔ ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳምንቱ ያልቃል። ብዙ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ መልሶ ለመጠየቅ እንኳ ጉልበት ስለሚያጣ ነው።

ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም ለሚል ሰው ሐኪሙ ምን ሊያደርግለት ይችላል? የቱ ጋ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚብስበት መናገር ያለበት ታማሚው ነው። በእኔ እይታ ትልቁ ጨዋነት የሚያነብሽን ሰው ድካም መቀነስ ነው።

የኤረሩን መልእክት ሙሉውን ለጥፊው። አታሳጥሪው፣ በራስሽ ቃልም አትተርኪው። በስክሪንሾት አትላኪው፤ በጽሑፍ ይሁን። ከስክሪንሾት ላይ ቀድቶ መፈለግ ያስቸግራል። ማየት ለተሳናቸው የሚያነብላቸው ፕሮግራምም ምስሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ላያነብላቸው ይችላል። ጊትሃብ ላይ ከጽሑፉ በላይና በታች ሦስት ሦስት ባክቲክ (`) ብታደርጊ መስመሩ ሳይበላሽ ይቀመጣል። ከመለጠፍሽ በፊት ግን ሎጉን (ፕሮግራሙ ሲሄድ የጻፈውን መዝገብ) አንድ በአንድ እዪው። ፓስዎርድ፣ ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ)፣ የሰው ስም ያለበት የፋይል አድራሻ ካለ አውጪው። አንዴ አደባባይ የወጣ ነገር አይመለስም።

የስም መቀየሩ ጥያቄ ደግሞ ግራ አጋብቶኛል። ስሙን መቀየር ለምን አስፈለገሽ? ችግሩ ከፊደሉ የመጣ መስሎሽ መፍትሔውን ራስሽ ወስነሽ፣ የምትጠይቂው ስለዚያ መፍትሔ ነው። ግምትሽ ልክ ካልሆነ ሁለታችሁም የተሳሳተ መንገድ ላይ ትደክማላችሁ። የገጠመሽን ችግር ራሱን ንገሪያቸው። ግምትሽንም ጻፊ፤ ግን «ግምቴ ነው» ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪው።

ጥቁር ስክሪን

እኔ ትንሽ ልለይ። ይቅርታውንም ምስጋናውንም ጠራርገሽ አውጪው። ኢሹ (ለፕሮጀክቱ የሚጻፍ የችግር ማስታወቂያ) የሚያነብ ሰው ፊቱ የተደረደረውን ብታዪ ታዝኚለታለሽ። የሚፈልገው መረጃ ብቻ ነው። ትሕትና ሲበዛ ዋናው ነገር ይቀበራል። ያንቺ ጽሑፍ ውስጥ ችግሩን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከይቅርታ፣ ከምስጋናና ከልመና መሃል ተወሽቋል። ቅር አይበልሽ፣ እንዲሳካልሽ ብዬ ነው።

ጋሼ ተርሚናል

ጥቁር ስክሪን፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ሰላምታን ጨርሶ ማውጣት ግን አይታየኝም። አንድ መስመር ሰላምታ፣ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ምስጋና ማንንም አይጎዳም። እዚያ ማዶ ያለው ሰው ነው። «ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ» የሚለው ግን ይውጣ፤ በደንብ የተጻፈ ጥያቄ ለፕሮጀክቱ አስተዋጽኦ ስለሆነ ይቅርታ አያስፈልገውም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 ሚኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጠቃሚዎች ወደሚወያዩበት የዩዝኔት (የዚያን ጊዜ የመወያያ መረብ) ቡድን አጭር መልእክት ላከ። ሊኑክስን ዓለም መጀመሪያ የሰማው በዚያ ነው። መልእክቱ በአንድ መስመር ሰላምታ ይጀምራል። ምን እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። በየትኛው ማሽን ላይ እንደሆነ ይናገራል፤ 386 ፕሮሰሰር ያለው። እስካሁን ምን አስኪዷል? ባሽ 1.08 እና ጂሲሲ 1.40 የተባሉትን ፕሮግራሞች፣ ከነቨርዥን ቁጥራቸው። ምን እንደማይችልም አልደበቀም፤ ከአንድ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውጪ ምናልባት መቼም እንደማይደግፍ አስቀድሞ ተናግሯል። ጥያቄውም ግልጽ ነው፦ ሚኒክስ ላይ የምትወዱትና የምትጠሉት ምንድን ነው? ሐሳባችሁን ተቀብዬ ለመሥራት ግን ቃል አልገባም አለ። ይኸው ነው። ገና ተማሪ ነበር። ሰዎቹ የመለሱለት ምን መመለስ እንዳለባቸው ግልጽ ስለነበር ይመስለኛል።

ልጄ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በቻት የምትጠይቂ ከሆነ «ሰላም፣ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል?» ብለሽ አትጠብቂ። ሰላም በዪና እዚያው መልእክት ውስጥ ጥያቄውን ጻፊው። የሚያውቀው ሰው ሲመጣ አይቶ ይመልሳል። ገና ጥያቄውን ሳያይ «አዎ፣ እኔ እረዳሻለሁ» ብሎ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አይገኝም።

የሌሊት ኮደር

«አስቸኳይ» የምትለው ቃል ላይ ልቁም። እኔን ከሁሉ በላይ የምታሳስበኝ እሷ ናት።

አብዛኛው ኦፕን ሶርስ የሚወጣበት ፈቃድ፣ ኤምአይቲ ይሁን ጂፒኤል፣ ፕሮግራሙ «እንዳለ» እንደሚሰጥና ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ይጽፋል። የሠራው ሰው የማንም ባለዕዳ አይደለም። ያንቺ ጉዳይ ላንቺ አስቸኳይ መሆኑን አልጠራጠርም። እሱ ግን ምናልባት ከሥራ ገብቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ነው ኮምፒዩተሩን የሚከፍተው።

ከርል የተባለውን፣ ከኢንተርኔት ዳታ የሚያመጣ መሣሪያ የሠራው ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ኢሜይል ደረሰው። ሎግ4ጄ በተባለው የሎግ መጻፊያ ላይብረሪ ላይ የተገኘው የደኅንነት ቀዳዳ ይነካህ እንደሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ስጠን ይላል። ከርል ሎግ4ጄን አይጠቀምም። ኩባንያው ለእሱ አንድ ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም። የድጋፍ ውል ከፈረማችሁ በደስታ እመልሳለሁ ብሎ በጨዋነት መለሰላቸው።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የኤክስዜድ ታሪክ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያምቅ ፕሮግራም ነው። በዓለም ያሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ አለ። ለዓመታት ላሴ ኮሊን የተባለ ሰው በዋናነት ብቻውን፣ ያለ ክፍያ ይዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ አካውንቶች በኢሜይል መወያያው ላይ ይወተውቱት ጀመር። ለምን ዘገየህ፣ ፕሮጀክቱ ሞቷል፣ ለሌላ ሰው አስረክብ ይሉታል። እሱም ሥራው ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን፣ አቅሙም የተወሰነ መሆኑን ጻፈላቸው። በዚያው ሰሞን ጂያ ታን በሚል ስም ተግቶ የሚያግዝ አንድ «ደግ» ሰው ነበር። ቀስ በቀስ ሥልጣኑን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጡት ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ስውር የኋላ በር (ሰው ሳይታወቅ የሚገባበት መንገድ) ተገኘ።

ይህን የምጽፈው ጀማሪዋን ለማስፈራራት አይደለም። ያንቺ «እባካችሁ» ከእነዚያ ውትወታ ጋር አይገናኝም። ግን ሁላችንም የምንጽፈው መስመር ድካም ላይ ያለ ሰው ዘንድ እንደሚደርስ እንድናስብ ብዬ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ከመሪነቱ የለቀቀው ስለ አንዲት የቋንቋው ማሻሻያ በተነሳ ረጅም ሙግት ማግሥት ነው። ኮዱ የከበደው ሰው አልነበረም። የሰዉ ነገር ነው ያደከመው።

ጋሼ ተርሚናል

የሌሊት ኮደር ጥሩ ነገር አነሳህ። የዚያ ታሪክ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ለዚህ የውይይት ክር ጥሩ ትምህርት አለው። ያን የኋላ በር ያገኘው አንድረስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ገንቢ ነው። ደኅንነት ሙያው አይደለም። ወደ ማሽኑ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ ፕሮግራም) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደሚዘገይ አስተዋለና ተከታተለው።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ያወጣው ሪፖርት በጨዋነት የተጻፈ ነው። መጀመሪያ ያየውን ምልክት ይናገራል። የትኞቹ ቨርዥኖች እንደሆኑ ይናገራል። በፊትና በኋላ የለካውን ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በየትኛው ሲስተም እንዳየው ይናገራል። የደኅንነት ተመራማሪ አለመሆኑን፣ ገና ያልመረመረው ብዙ ነገር እንዳለም ራሱ ጽፎታል። የሚያውቀውንና የሚገምተውን ለይቷል። አደባባይ ከማውጣቱ በፊትም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው በግል አሳውቋል። ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ወዲያው ሥራ መጀመር ቻለ።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ቁጭ ብዬ መለካት ጀመርኩ።

ያገኘሁት ይኸውላችሁ። ሲስተሙ ደቢያን ሊኑክስ ነው። የድሮው ቨርዥን 3.2 ነበር፤ አዲሱ 4.0 ነው። ትእዛዙን ተርሚናል ላይ በእጄ ስጽፈው ይሠራል! ፋይሉ በትክክል ይዋሃዳል። እምቢ የሚለው ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስኬድ ፕሮግራም) በራሱ እንዲሄድ ያዘጋጀሁት ላይ ብቻ ነው። ሎጉ ላይ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ። በላቲን ፊደል የተሰየሙት ፋይሎች በክሮንም ያልፋሉ። 3.2ን መልሼ ስጭን በክሮንም ሁሉም ያልፋል።

ምን ማለት ነው?

ሀ ግዕዝ

አሁን ጥያቄሽ ጥያቄ ሆነ። ይህን ይዘሽ የትም ብትሄጂ መልስ ታገኛለሽ።

ግምቴን ልንገርሽ። ክሮን የተርሚናልሽን ቅንብር አያነብም። ሥራውን የሚያስኬደው በጣም ጥቂት ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች (ፕሮግራሞች የሚያነቧቸው ቅንብሮች) ይዞ ነው። ተርሚናልሽ ላይ ቋንቋና ፊደል የሚወስነው «ላንግ» የሚባለው ቫሪያብል ዩቲኤፍ-8 (ግዕዝንም የሚያካትት የፊደል አቀማመጥ ሥርዓት) ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ ክሮን ውስጥ ግን ላይኖር ይችላል። ያኔ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም እንዴት እንደሚያነብ ያጣዋል። ግዕዙን በሌላ ምልክት ይተካውና በዚያ በተበላሸ ስም ፋይሉን ይፈልጋል። እርግጥም አያገኘውም።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ክሮን ታቡ (የክሮን ሥራዎች የሚጻፉበት ፋይል) አናት ላይ «ላንግ» እኩል ይሆናል «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8» የሚል መስመር ጨምሪ። ሌላ ምንም አትንኪ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከለወጥሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

ደግሞ ሙከራውን አሳንሺው። አንድ አቃፊ፣ ውስጡ ሁለት ባለ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ፣ የአንዱ ስም «ሀ» ብቻ። ችግሩ በዚህም ከታየ ሌላው ሰው በደቂቃ ውስጥ እሱ ማሽን ላይ ሊደግመው ይችላል። የራስሽን ሰነዶችም ለማንም መላክ አይኖርብሽም።

አንድ ጥንቃቄ፦ የኤረር መልእክት በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ቋንቋውን ወደ «ሲ» ቀይሪ የሚል ምክር በየቦታው ታያለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ምክር ነው። እዚህ ግን የምትመረምሪው ራሱ እሱን ነገር ስለሆነ «ሲ» ብቻውን ውጤቱን ያዛባብሻል። ዩቲኤፍ-8 ያለበትን ተጠቀሚ።

አንባቢ ብቻ

ክሩን ከመጀመሪያው እየተከታተልኩ ነው። እኔን የሚያግደኝ ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ስጽፍ ይስቁብኛል፣ ወይም «መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ» ብለው ይመልሱኛል ብዬ እተወዋለሁ። ስንት ጊዜ ጽፌ ሳልልክ አጥፍቻለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ትላላችሁ?

ሎግ አንባቢ

ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ከሚመጡት ጥሩ ሪፖርቶች ብዙዎቹ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሰዋስው አይቶ የሚመልስ ሜንቴይነር (ፕሮጀክት የሚንከባከብ ሰው) አላውቅም። ትእዛዙ፣ ቨርዥኑና ኤረሩ በየትም ቋንቋ አንድ ናቸው። አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍ። በአንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ተናገር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ አይደለም ብለህ አንድ ጊዜ ብትጽፍ ይበቃል፤ ደጋግመህ ይቅርታ አትጠይቅ።

በማሽን መተርጎምም ምንም አይደለም። ግን የወጣውን አንብበው። ኤረሩንና ትእዛዙን እንዳይተረጉምብህ አድርግ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የማታውቀውን ችግር በኤአይ አስጽፎ መላክ ነው። ረጅም፣ ያማረና በራስ መተማመን የሞላበት ሆኖ ይመጣል፤ ሲመረመር ግን የተባለው ፈንክሽን ኮዱ ውስጥ የለም። የከርል ሰዎች በዚህ መማረራቸውን በአደባባይ ጽፈዋል። እውነተኛውን ለመለየት የሚባክነው የሰው ሰዓት ነው። በራስህ ቃል የጻፍከው አምስት የተሰባበረ መስመር ከዚያ ሁሉ ይበልጣል።

የሌሊት ኮደር

የመመሪያውን ነገር እኔ ልመልስ። አንብቦ መምጣት ግዴታ ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። መመሪያውን፣ የተዘጉትንም ጨምሮ የቀድሞ ኢሹዎችን ፈልግ። ከዚያ ምን እንደፈለግህና ምን እንዳገኘህ ጻፍ። «ስለ ፋይል ስም የሚያወራውን ክፍል አንብቤያለሁ፣ የእኔን ሁኔታ አልነካውም» ያልከውን ሰው ማንም «አንብብ» አይልህም። ምናልባት የተሳሳተ ክፍል አንብበህ ከሆነ ትክክለኛውን ይጠቁሙሃል።

ግን በባዶ «አንብብ» ብሎ ሰውን የሚያሳፍር መላሽም አጥፊ ነው። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ማወቅ ሰውን የማዋረድ መብት አይሰጥም። ማኅበረሰቦቹ ራሳቸው ይህን አይተው ነው የምግባር ደንብ ያወጡት። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ2014 በአባላቱ ድምፅ አጸደቀ። የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 የምግባር ደንብ ተቀበለ። በዚያው ሰሞን ሊነስ ቶርቫልድስ በኢሜይል ሲጽፋቸው ስለነበሩት ቁጣ የተሞላባቸው ቃላት ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ዞር ብሎ ነበር።

የቆጣህ ሰው ቢገጥምህ ቁጣውን እለፈውና ውስጡ ያለውን ቴክኒካዊ ነገር ብቻ መልስ። «ቨርዥን እንኳ አልጻፍክም!» ካለህ፣ «4.0 ነው፣ አመሰግናለሁ» በለው። ብዙ ጊዜ እዚያው ይበርዳል። ስድብ ከሆነ ግን ዝም ብለህ አትቀበል። ደንቡ ለማን እንደሚጻፍ ይናገራል፤ ለእነሱ በግል ጻፍ።

ጀማሪዋ

ሀ ግዕዝ ያልከው ትክክል ነው! ያቺን አንድ መስመር ክሮን ታቡ ላይ ስጨምር ሁሉም አለፈ። «ሀ» የሚባለው ትንሽ ፋይልም ሳይጨመርበት ይወድቃል፣ ሲጨመርበት ያልፋል።

እንግዲህ የእኔ ችግር ተፈታ። አሁንም ለፕሮጀክቱ መጻፍ አለብኝ? ወይስ ሰዎቹን ባላስቸግር ይሻላል?

ሎግ አንባቢ

ጻፊ እንጂ! አሁን ነው መጻፍ። በ3.2 ይሠራ የነበረ ነገር በ4.0 ቆሟል። ይህ ሜንቴይነሮች አጥብቀው ማወቅ የሚፈልጉት ዓይነት ባግ ነው። ባይሆንም እንኳ መልእክቱ ያሳስታል። ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» ይላል። ሌላው ሰው ይህን አይቶ ፋይሉን ሲፈልግ ያድራል። ቢያንስ «የፋይሉን ስም ማንበብ አልቻልኩም» ማለት ነበረበት።

ያገኘሽውን መላም አብረሽ ጻፊው። ያንኑ ኤረር ፍለጋ ላይ አስገብቶ የሚመጣ ሰው አንቺ ጋ ይደርሳል። ብዙ ክር «ተፈታልኝ» በሚል አንድ ቃል አልቆ፣ እንዴት እንደተፈታ ሳይነገር ይቀራል። ያን ክር ፈልጎ ያገኘ ሰው የሚሰማውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጀማሪዋ

እሺ፣ አዲሱ ይኸው። እንግሊዝኛውን ቀጥዬ እሠራዋለሁ።

ርዕስ፦ «4.0፦ ላንግ ሳይቀመጥ በክሮን ሲሄድ፣ ስሙ በላቲን ፊደል ያልሆነን ፋይል ‹አልተገኘም› ይላል፤ በ3.2 ይሠራ ነበር»

«ሰላም። ከ3.2 ወደ 4.0 ካሳደግሁ በኋላ የሚከተለውን አየሁ። ሲስተሜ ደቢያን ነው።

ለመድገም፦ አንድ አቃፊ ውስጥ ሁለት ባለ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ አስቀምጡ። የአንዱ ስም ‹ሀ› ይሁን። ከታች ያለውን ትእዛዝ ላንግ በሌለበት ክሮን ውስጥ አስኪዱ። የጠበቅሁት፦ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ፋይል እንዲወጣ። የሆነው፦ ‹ፋይሉ አልተገኘም› ብሎ ቆመ። ሙሉው ሎግ ከታች አለ።

በ3.2 ያው ትእዛዝ በዚያው ክሮን ይሠራል። ላንግን ዩቲኤፍ-8 ላይ ሳስቀምጥ በ4.0ም ይሠራል፤ ለጊዜው በዚህ እየተጠቀምኩ ነው። የፋይል ስም የሚነበብበት መንገድ በ4.0 ተለውጦ ይሆናል የሚል ግምት አለኝ፤ ኮዱን ግን አላየሁም። የተከፈቱትንም የተዘጉትንም ኢሹዎች ፈልጌ ተመሳሳይ አላገኘሁም። ሌላ መሞከር የሚያስፈልግ ነገር ካለ በደስታ እሞክራለሁ። ለሥራችሁ አመሰግናለሁ።»

ጥቁር ስክሪን

ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ምስጋናው ይቆይ። አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ቦታው ላይ ነው። ርዕሱን ብቻ አንብቤ ጉዳዩ ገባኝ። ፕሮጀክቱ የኢሹ ቅጽ ካለው ግን በቅጹ ክፍሎች ውስጥ አስገቢው፤ ቅጹን አጥፍቶ የራስን መጻፍ አይወደድም።

አንባቢ ብቻ

መልስ ቢዘገይስ? ስንት ጊዜ ነው የሚጠበቀው? ሜንቴይነሩን በግል ኢሜይሉ ብትጠይቀውስ?

ጋሼ ተርሚናል

በግል አይጠየቅም። አደባባይ ላይ የተመለሰ ጥያቄ ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ በግል የተላከው ግን አንድ ሰው ላይ ብቻ ይከመራል። በግል የሚላከው የደኅንነት ቀዳዳ ሲሆን ብቻ ነው። ያ ደግሞ ግዴታ በግል ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ለዚህ የተለየ አድራሻ ጽፈው ያስቀምጣሉ። ማስተካከያው ሳይወጣ አደባባይ ላይ መዘርገፍ ተጠቃሚውን ሁሉ ያጋልጣል።

መጠበቁን በተመለከተ ሁለት ሳምንት ያህል ታገሡ። ከዚያ አዲስ መረጃ ይዛችሁ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ «4.0.1 ላይም ሞክሬዋለሁ፣ እንደዚያው ነው» ማለት ይቻላል። «ምን ደረሰ?» ብቻውን ምንም አይጨምርም። ቀድሞ ኢሹዎች ስር «ለእኔም» የሚሉ አስተያየቶች በብዛት ይከመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በርካታ ሜንቴይነሮች ለጊትሃብ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ካማረሯቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በማርች የአውራ ጣቷ ምልክት መጣች። የሌላ ሰው ኢሹ ላይ ችግሩ እናንተንም ከነካ ምልክቷን ብቻ ተጫኑ። የምትጨምሩት አዲስ ነገር ካላችሁ ብቻ ጻፉ።

አንድ ዓይነት ጥያቄ በቻቱም፣ በኢሹውም፣ በኢሜይሉም በአንድ ጊዜ አትበትኑ። አንዱ ጋ ከተመለሰ በኋላ ሌላው ጋ ሰው ሲደክምበት ያሳዝናል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ የመጀመሪያውን ሊንክ አያይዙ።

ጀማሪዋ

ላክሁት! አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። «ራስሽ አስተካክለሽ ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ማስተካከያ) ላኪ» ቢሉኝስ? እኔ ያን ያህል ኮድ አልችልም። እየገፉኝ ነው ማለት ነው?

ሎግ አንባቢ

አይመስለኝም። እንዲህ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ባጉ እውነት መሆኑን ተቀብለዋል፣ የሚሠራው ሰው ግን የለም ማለት ነው። ካልቻልሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ማንም አይቀየምሽም። «ኮዱን አልችልም፣ ግን ማስተካከያው ሲመጣ እሞክርላችኋለሁ» በያቸው። ክሮኑም ትንሿ አቃፊም እጅሽ ላይ ናቸው፤ ማስተካከያው ሲወጣ ሞክረሽ አለፈ ወይም ወደቀ ብለሽ ትጽፊላቸዋለሽ። መመሪያው ውስጥ ስለ ክሮንና ስለ ላንግ ሁለት መስመር ለመጨመርም ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ ከፈለግሽ እሱን አብረን እንጻፈው። እንግሊዝኛውን እኔ አየዋለሁ።